ስኮላርሺፕ ስንፈልግ የሚያልፈን ሥራ

«ጋሼ፣ ስኮላርሺፕ ካየህ ላክልኝ።»

ይህች መልእክት በወር ሦስት አራት ጊዜ ቴሌግራሜ ላይ ትገባለች። ላኪው አንዴ የአክስቴ ልጅ ነው፤ አንዴ አብሮኝ የሠራ ልጅ፤ አንዳንዴም ጭራሽ የማላውቀው ሰው። «ምን ላይ መሥራት ትፈልጋለህ?» ብዬ ስመልስ ዝም ይለኛል። ማታ ላይ «የተገኘውን» የሚል ይመጣል።

አልፈርድባቸውም። እኔም አንድ ሰሞን የተገኘውን ፈላጊ ነበርኩ። ግማሹ ጥፋት የቃሉ ነው። ስኮላርሺፕ ስንል የሚታየን ስጦታ ነው። ወደ አማርኛ ስንመልሰውም «ነፃ የትምህርት ዕድል» አልነው። ዕድል ደግሞ ይደርሳል ወይም አይደርስም፤ ዲቪ ሞልቶ እንደመጠበቅ ነው። ስለዚህ ጉግል ላይ ስኮላርሺፕ ብለን እንጽፋለን፣ የቴሌግራም ቻናሎቹን እንቀላቀላለን፣ «ፉሊ ፈንድድ» የሚለውን ሁሉ ሼር እናደርጋለን።

ዩኒቨርሲቲዎች ግን ለምርምር ሰው የሚከፍሉትን ገንዘብ ብዙ ጊዜ ስኮላርሺፕ ብለው አይጠሩትም። ደመወዝ ነው የሚሉት። ማስታወቂያውም የሚለጠፈው ስኮላርሺፕ የሚል ገጽ ላይ አይደለም። ለሒሳብ ሠራተኛና ለላቦራቶሪ ቴክኒሻን ክፍት የሥራ ቦታ በሚወጣበት ገጽ ላይ ነው። እዚያ ገጽ ላይ ደግሞ ከእኛ ሰው ዝር የሚለው ጥቂት ነው።

ስዊድንን እንውሰድ። እዚያ ዶክትሬት የሚሠራ ሰው በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲው ተቀጣሪ ነው። ግብር ይከፍላል፣ ጡረታው ይታሰብለታል፣ ልጅ ሲወልድ ፈቃድ ይወጣል። የትምህርት ክፍያ የሚባል ነገር የለበትም። ጊዜው የአራት ዓመት ሙሉ ጥናት ነው፤ እስከ 20 በመቶ የሚደርስ ማስተማር ከታከለበት ወደ አምስት ይሄዳል። ኖርዌይ ሦስት ዓመት ነው፤ ሩቡን ጊዜ ለማስተማርና ለክፍሉ ሥራ የሚያውል ከሆነ አራት። ደመወዙ በዓመት ከ500 ሺህ የኖርዌይ ክሮነር በላይ ነው። ኔዘርላንድስ በተለምዶ ለአራት ዓመት ትቀጥራለች፤ መነሻው ግብር ሳይነሳለት በወር ወደ 3 ሺህ ዩሮ ይጠጋል። የዴንማርክም መንገድ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

የሚገርመው እዚያው ሕንፃ ውስጥ ማስተርስ ልማር ስትል የሚገጥምህ ነው። ድሮ ለሁሉም ነፃ የነበረው የኖርዌይ ትምህርት፣ ከ2023 መኸር ጀምሮ (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ከአውሮፓ ውጭ የሚመጣን ተማሪ ያስከፍላል። አንድ ኮሪደር ላይ አንዱ ከፋይ፣ ሌላው ተከፋይ ነው። አገር ቤት ማስተርሱን ጨርሶ ሁለተኛ ማስተርስ ፍለጋ የሚንከራተት ሰው ሳይ የሚቆጨኝ ለዚህ ነው። ዲግሪው ለተከፋይነት ሊበቃ ይችላል እኮ። እሱ ግን የሚያንኳኳው የከፋዮቹን በር ነው።

ማስታወቂያዎቹን ሰብስበው የሚያወጡ ድረ ገጾች አሉ። ለመላው አውሮፓ ዩራክሰስ፣ ለኖርዌይ ጆብኖርጌ፣ ለኔዘርላንድስ አካዳሚክ ትራንስፈር፣ ለብሪታንያ ጆብስ ዶት ኤሲ ዶት ዩኬ። ፈልጎ ለማንበብ አንዳቸውም ሳንቲም አይጠይቁም። ስትፈልግ ስኮላርሺፕ አትበል። የሙያህን ቃል ጻፍ፦ አፈር፣ ወባ፣ ማሽን ለርኒንግ፣ የመሬት ይዞታ።

አሜሪካ ሌላ ነው። ዶክትሬት የሚጀመረው እንደ አውሮፓው ክፍት ቦታ ላይ በማመልከት ሳይሆን በመደበኛ ቅበላ ነው። ከተቀበሉህ በኋላ ሪሰርች አሲስታንት ወይም ቲቺንግ አሲስታንት ያደርጉሃል። በምትኩ የትምህርት ክፍያው ይቀርልሃል፣ መተዳደሪያም በየወሩ ይሰጥሃል። ማስተርስ የግድ አይደለም፤ በመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ በቀጥታ ዶክትሬት የሚገባበት ክፍል ሞልቷል። ማመልከቻው አብዛኛውን ጊዜ በዲሴምበር የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይዘጋል። ገንዘብ ያለበት ቅበላ ያገኘ ሰው እስከ ኤፕሪል 15 ያስብበታል። ጂአርኢ የሚባለውን ፈተና ብዙ ክፍሎች ትተውታል። የማመልከቻ ክፍያውንም በኢሜል ጠይቀው ያስቀሩ ልጆች አውቃለሁ። መጠየቅ ነውር የሚመስለን እኛ ነን።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግና አካባቢዋ ላላችሁ ወላጆች አንዲት ነገር ጣል ላድርግ። ቤተስዳ ያለው ኤንአይኤች፣ ማለትም የአሜሪካ የጤና ምርምር ተቋም፣ ከቤታችሁ የመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን አሁን የጨረሱ ልጆች ለአንድ ሁለት ዓመት እየተከፈላቸው ላቦራቶሪ የሚሠሩበት መርሐ ግብር አለው። ዜግነት ወይም ግሪን ካርድ ይጠይቃል። የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ ፋውንዴሽንም በየክረምቱ ለኮሌጅ ተማሪዎች ተመሳሳይ ነገር አለው። ልጃችሁ ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የምትሞክር ከሆነ፣ ክረምቱን ሱቅ ከምትቆም ይኼኛው ይሻላታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ማስታወቂያው ከየት ይመጣል?

አንድ ፕሮፌሰር ፕሮፖዛል ይጽፋል። ወራት ይጠብቃል። ግራንቱን፣ ማለትም የምርምር ገንዘቡን፣ ሲያገኝ በጀቱ ውስጥ «አንድ የዶክትሬት ተማሪ፣ አንድ ፖስት ዶክ» የሚል መስመር አለ፤ ፖስት ዶክ ዶክትሬቱን ጨርሶ ለተወሰነ ጊዜ በምርምር የሚቀጠር ሰው ነው። ገንዘቡ የጊዜ ገደብ አለው። ቶሎ ሰው ካላገኘ ሥራው ይጓተታል፣ ለጋሹም ይጠይቀዋል። ማስታወቂያው የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። እኛ የምናየው የታሪኩን መጨረሻ ነው ማለት ነው። ሰውየው በዚያ ጉዳይ ላይ ሲሠራ፣ ሲጽፍ፣ ጉባኤ ላይ ሲናገር ዓመታት ሆኖታል። ጽሑፉን አንብቦ ጥያቄ የላከለት ልጅ ካለ ስሙን ያውቀዋል። ይህ ማለት ቦታው ለዘመድ ተይዟል ማለት አይደለም። ሁለት መቶ ማመልከቻ ሲከፍት ግን የሚያውቀው ስም ላይ ዓይኑ ያርፋል። ሰው ነዋ።

የእኛኑ አገር ምሳሌ ላንሳ። በ1980ዎቹ አጋማሽ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ቡታጅራ ላይ አንድ የጤና ጥናት ጀመሩ። ቀበሌዎች መርጠው ቤት ለቤት ልደትና ሞት መመዝገብ ነው መነሻው። ላይ ላዩን ሲታይ ከመዝጋቢ ሥራ አይለይም። በዚያ መዝገብ ላይ ተመሥርተው ግን ለዓመታት ብዙ ኢትዮጵያውያን ዶክትሬታቸውን ሠሩ። «የስዊድን ስኮላርሺፕ ወጥቷል» ተብሎ ጋዜጣ ላይ ስለታወጀ አይደለም የሄዱት። ሥራው ስለነበረ፣ እነሱም ሥራው ውስጥ ስለነበሩ ነው። ጂማ፣ አርባ ምንጭ፣ ባሕር ዳርና መቀሌ ከቤልጅየም ዩኒቨርሲቲዎች ጋር በነበራቸው የረጅም ጊዜ ትብብርም የሆነው ይኸው ነው።

ታዲያ ማን ግራንት እንዳገኘ እንዴት ይታወቃል? እንዲያውም በግልጽ የተጻፈ ነገር ነው። የአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የሰጣቸውን ፕሮጀክቶች ኮርዲስ የሚባል መዝገብ ውስጥ ያስቀምጣል። የገንዘቡ መጠን፣ የሚጀምርበት ቀን፣ የሚያስተባብረው ተቋም ሁሉ አለ። የአሜሪካው የጤና ተቋም ሪፖርተር የሚባል የራሱ መዝገብ አለው። ወጪው የማን እንደነበር ደግሞ አብዛኛው የምርምር ጽሑፍ መጨረሻ ላይ በምስጋናው አንቀጽ ውስጥ ተጽፏል። ብዙ ሰው ያንን አንቀጽ ዘሎት ይሄዳል። እኔ ሥራ የሚፈልግ ሰው ብሆን መጀመሪያ የማነበው እሱን ነው። ባለፈው ዓመት የጀመረ የአምስት ዓመት ፕሮጀክት ካየህ ገና ሰው ይቀጥራል። በመጪው ክረምት የሚያልቅ ከሆነ ፕሮፌሰሩም ለራሱ ገንዘብ እየፈለገ ነው፤ አትድከም።

ከዚያ ኢሜሉ ይመጣል። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ፤ ብዙ ልጆች ሲወድቁ ያየሁት እዚህ ነውና።

እኛ ማመልከቻ መጻፍ የተማርነው ከመሥሪያ ቤት ነው። «ለ፦» ተብሎ ይጀመራል። «ጉዳዩ፦ ሥራ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ» ይላል። ከዚያ ችግራችንን እንዘረዝራለን፣ «በታላቅ ትሕትና» እንጠይቃለን፣ «ከሰላምታ ጋር» ብለን እንፈርማለን። አቤቱታ ነው። የሚጻፈው ከታች ወደ ላይ ነው። ይህን ወደ እንግሊዝኛ ገልብጠን ለፕሮፌሰር ስንልክ «ታታሪ ነኝ፣ ለመማር ጉጉ ነኝ፣ በእርስዎ ሥር መሥራት የሕይወቴ ሕልም ነው» የሚል ነገር ይወጣዋል። ሰውየው በቀን እንዲህ ያለ ስንት ኢሜል እንደሚደርሰው አስበው። የእሱ ስም ቢወጣና የሌላ ቢገባ አንድም ቃል የማይለወጥ ደብዳቤ ማንም አይመልስለትም።

እሱ የሚፈልገው በሥራው ላይ የሚያወራው ሰው ነው። አንድ ምሳሌ ላምጣ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል የወባ ትንኝ አለች። መጀመሪያ የእስያ ነበረች። ኢትዮጵያ ውስጥ በ2016 ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች። ከለመድናት ትንኝ በተለየ ከተማ ትወዳለች፤ በርሜልና ታንከር ውስጥ በተጠራቀመ ውሃ ትራባለች። በ2022 ድሬዳዋ ላይ ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም እጇ እንዳለበት ተመራማሪዎች አሳይተዋል። ዓለም ላይ ስለዚህች ትንኝ የሚያጠኑ ላቦራቶሪዎች ብዙ ናቸው። የድሬዳዋን ሰፈሮች በእግሩ የሚያውቅ፣ የትኛው ቤት በርሜል እንደሚከድንና የትኛው እንደማይከድን ያየ ሰው ግን የላቸውም። ለማስተርስ ጽሑፉ እዚያ ሃምሳ ቤት የዞረ ልጅ፣ ያንን ብቻ በስድስት ዓረፍተ ነገር ቢጽፍ ይበቃዋል፦ የት እንደሠራ፣ ምን እንዳገኘ፣ ከፕሮፌሰሩ ጽሑፍ የትኛው ነጥብ ከእሱ ግኝት ጋር እንዳልገጠመለት፣ በመጨረሻም በቅርቡ ሰው ይቀጥሩ እንደሆነ። ሲቪውን ያያይዝ። «ሕልሜ ነው» አይበል።

አልመለሰም? በአሥር ቀኑ አንዴ ማስታወስ ይቻላል። ከዚያ ወደ ሌላ ሰው ማለፍ ነው። እኔ ሃያ ሁለት ልኬ አራት መልስ ነው ያገኘሁት። ከአራቱ ሁለቱ «ገንዘብ የለኝም» ነበሩ። አንዱ ግን «እኔ የለኝም፣ ባልደረባዬ ግን በሚቀጥለው ወር ማስታወቂያ ታወጣለች» አለኝ።

የእኛ ነገር ለእኛ ብቻ የሚጠቅም ይመስለናል፤ ስህተት ነው። ግዕዝን ተመልከቱ። ሐምቡርግ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሂዮብ ሉዶልፍ ስም የተሰየመ የኢትዮጵያ ጥናት ማዕከል አለ። አምስቱ የኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ ቅጾች የተዘጋጁት እዚያ ነው። ከ2016 ጀምሮ ደግሞ ቤተ መጻሕፍት የሚባል፣ የብራና ጽሑፎችን የሚመዘግብ ፕሮጀክት አለው። ለ25 ዓመት የታቀደ ነው። በምርምር ዓለም 25 ዓመት ማለት ዘላለም ነው። ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ያለው የብራና ቤተ መጻሕፍት ከ1970ዎቹ ጀምሮ በማይክሮፊልም የተነሱ የኢትዮጵያ መጻሕፍትን ይዟል፤ መጥተው ለሚያነቡ ተመራማሪዎችም አጫጭር ድጋፎች አሉት። ቅኔ ቤት ውሎ ኋላ ዲግሪ የጨመረ ሰው ለእነዚህ ቦታዎች ያለውን ዋጋ እኛ ሰፈር ውስጥ ሆነን አናየውም።

ወረቀቱ ጋ ስንመጣ ነገሩ መራራ ነው።

የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የጨረሰ ሰው ኮስት ሼሪንጉን ካልከፈለ ዋናውን ዲግሪና ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱን አያገኝም። ከ2003ቱ ደንብ ወዲህ የኖርንበት ነገር ነው። በእጁ ያለው ቴምፖራሪና ስቱደንት ኮፒ ነው። ደስ የሚለው፣ ለማመልከቻው ደረጃ አብዛኞቹ ስካን የተደረገውን ስቱደንት ኮፒ ይቀበላሉ። ኦፊሻሉ የሚፈለገው ካለፍክ በኋላ ነው። ያን ጊዜ ግን የቀረህ ሦስት ሳምንት ሊሆን ይችላል። እኔን ሬጅስትራሩ «ፋይልህ አልተገኘም» ብሎ አሥራ አንድ ቀን አመላልሶኛል። ፋይሉ የተገኘው ከእኔ ስም በአንዲት ፊደል ከሚለይ ሰው አቃፊ ውስጥ ነው። የዩኒቨርሲቲውን ስም አልጠራም። ክፍያውን ግን ዛሬ ጀምሩት፤ ዕድሉ ሲመጣ አይደለም።

ሁለተኛው ሪኮመንዴሽን ነው። «ጽፈህ አምጣው፣ እፈርምልሃለሁ» የሚለውን የማያውቅ ኢትዮጵያዊ ተመራቂ አለ? መምህሩ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ሦስት ሴክሽን ያስተምራል፣ ሠላሳ ቴሲስ ያማክራል። ነገር ግን አንባቢው አንድ እጅ የጻፋቸውን ሁለት ደብዳቤዎች ለይቶ ያውቃል። የተሻለው መንገድ ለመምህሩ ግማሽ ገጽ ማስታወሻ መስጠት ነው፦ በየትኛው ኮርስ እንዳስተማረህ፣ ጽሑፍህ ምን እንደነበር፣ ምን ላይ እንደተከራከራችሁ። እሱን ይዞ ራሱ ይጻፈው። ደግሞም ከተቋሙ ኢሜል ይላክ። በጂሜል የመጣ ደብዳቤ ላይ ብዙ ቦታ ጥርጣሬ አለ። የተቋሙ ኢሜል ከነጭራሹ የማይሠራበት ክፍል መኖሩን አውቃለሁ፤ ያ የተማሪው ጥፋት አይደለም፣ የሚከፍለው ግን ተማሪው ነው።

እንግሊዝኛውን ቶሎ ልለፈው። ትምህርትህ በእንግሊዝኛ እንደነበር የሚገልጽ ደብዳቤ ከሬጅስትራር ብታወጣ የሚበቃበት ቦታ ብዙ ነው። አይኤልትስ ከመክፈልህ በፊት ጠይቅ። ዱኦሊንጎ ርካሽ ነው፤ ሁሉም ቦታ ግን አይሠራም።

ፌሎውሺፕ የሚባሉት፣ ማለትም ገንዘቡ በአንተ ስም የሚመጣልህ፣ ቁጥራቸው ብዙ ነው። ሁሉንም መዘርዘር ጥቅም የለውም። ከማመልከትህ በፊት ግን ለአንተ መሆኑን እይ። በየዓመቱ የኮመንዌልዝ ስኮላርሺፕ የሚሞሉ ኢትዮጵያውያን አሉ። ኢትዮጵያ የኮመንዌልዝ አባል አይደለችም። የሁለት ሳምንት ድካም ገደል ገባ ማለት ነው። የአሜሪካ መንግሥቱ ፉልብራይት ጥሩ ነው፤ ስትጨርስ ግን ሁለት ዓመት አገርህ መቀመጥ እንዳለብህ አስቀድመህ እወቅ። ፊዚክስና ሒሳብ ያጠኑ ልጆች ጣሊያን፣ ትሪየስቴ ያለውን የአይሲቲፒ (የቲዎሬቲካል ፊዚክስ ማዕከል) ዲፕሎማ አይለፉት፤ አንድ ዓመት ነው፣ ወጪው ይሸፈናል፣ ብዙዎችን ወደ ዶክትሬት አሻግሯል። በአንዳንድ የአፍሪካ አገሮች ያሉት የኤይምስ፣ ማለትም የሒሳብ ሳይንስ ተቋም፣ ማዕከላትም እንደዚያው። በጀርመኑ የትምህርት ልውውጥ ተቋም በዳድ በኩል ደግሞ ኬንያ ወይም ሌላ አፍሪካ አገር መማርም ይቻላል። አሥር ሰዓት መብረር የግድ አይደለም።

ዶክትሬት ላላቸው የአውሮፓ ኅብረቱ ማሪ ኩሪ ፖስት ዶክ አለ። አንድ ደንቡ ለእኛ ይመቻል። ካለፉት 36 ወራት ውስጥ ከ12 ወር በላይ ልትሄድበት ያሰብከው አገር ኖረህ መሆን የለበትም። አዲስ አበባ የተቀመጠ ሰው ይህን ያለ ምንም ድካም ያሟላል። ጥሪው ብዙውን ጊዜ ሴፕቴምበር ላይ ይዘጋል። የጀርመኑ ሁምቦልት ፋውንዴሽን ደግሞ ዓመቱን ሙሉ ማመልከቻ ይቀበላል። ሁለቱም የሚጀምሩት የሚቀበልህ ፕሮፌሰር በማግኘት ነው። ዞሮ ዞሮ ኢሜሉ ጋ ተመለስን።

ግን ፉክክሩ እንደ ድሮው አይደለም። ለማሪ ኩሪ ፖስት ዶክ በ2024 የገባው ማመልከቻ ከ10 ሺህ ትንሽ ቢበልጥ ነው። በ2025 ከ17 ሺህ በላይ ገባ። የአሜሪካ መጥበብ በዚህ ውስጥ ድርሻ ሳይኖረው አይቀርም ባይ ነኝ። በሜይ 2025 መጀመሪያ ኤንአይኤች አንድ ነገር አስታወቀ። አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ግራንት ወስዶ ድርሻውን ለውጭ አገር አጋር የሚያስተላልፍበት አሠራር፣ ሰብ አዋርድ የሚሉት፣ አዲስ ሥርዓት እስኪበጅለት አቆመው። የእኛ አገር የጤና ምርምር አንዱ የደም ሥር እሱ ነበር። በጁላይ 1 ደግሞ ዩኤስኤይድ በይፋ ሥራውን አበቃ። በእሱ ገንዘብ ከአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሲሠሩ የነበሩ የግብርና ምርምሮች ከዚያ በፊትም መዘጋት ጀምረው ነበር። በሴፕቴምበር ኤች ዋን ቢ በሚባለው የሥራ ቪዛ ከውጭ ለሚመጣ አዲስ ሠራተኛ አሠሪው 100 ሺህ ዶላር እንዲከፍል ታዘዘ። ዩኒቨርሲቲዎች ፖስት ዶክን ብዙ ጊዜ የሚያመጡት ጄ ዋን በሚባለው የልውውጥ ቪዛ ስለሆነ በሩ ጨርሶ አልተዘጋም። ከዚያ በኋላ ለመቆየት ግን ከብዷል።

ይህ ሁሉ የሚሰማው ውጭ ብቻ አይደለም። አገር ቤት የምርምር ሥራ የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ የገባው በፕሮጀክት ነው። ዳታ ኮሌክተር ሆኖ ታብሌት ይዞ ገጠር ይወጣል፣ በአበል ይኖራል። ቀጥሎ ሱፐርቫይዘር፣ ከዚያ ሪሰርች አሲስታንት ይሆናል። ፕሮጀክቱ ሲዘጋ መጀመሪያ የሚቀነሰው ይህ ልጅ ነው። ዩኒቨርሲቲ የቀጠረው መምህር ቢያንስ ደመወዝ አለው። 75 ለ25 በሚባለው ክፍፍል ሩቡ ጊዜው ለምርምር ቢሆንም፣ ሩቡ በተግባር የት እንደሚገባ መምህራን ያውቁታል።

ያም ሆኖ አገር ውስጥ የሚታዩ በሮች አሉ። አለርት ግቢ ያለው የአርማወር ሀንሰን የምርምር ተቋም ከ1970 ጀምሮ አለ። የሥጋ ደዌን ጀርም ባገኘው ኖርዌጂያዊ ሐኪም ስም የተሰየመ ነው፤ ዛሬ ከሥጋ ደዌ አልፎ ቲቢና ክትባት ላይ ይሠራል፣ ተማሪዎችንም ያሠለጥናል። ጉርድ ሾላ ያለው የእንስሳት ሀብት ምርምር ተቋም ኢልሪ፣ የድሮ ሰዎች አሁንም ኢልካ የሚሉት፣ ለማስተርስና ለዶክትሬት ተማሪዎች የራሱ ፌሎውሺፕ አለው። የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ የግብርና ምርምር ኢንስቲትዩትና ማዕከሎቹ አሉ። ትምህርት ሚኒስቴር ዩኒቨርሲቲዎቹን በተልዕኮ ሲከፍል የምርምር ብሎ የለያቸው ስምንት ናቸው፦ አዲስ አበባ፣ ጎንደር፣ ባሕር ዳር፣ ጂማ፣ ሐዋሳ፣ ሐሮማያ፣ አርባ ምንጭና መቀሌ።

ትልልቆቹ ቅጥሮች ሪፖርተር ጋዜጣና ኢትዮጆብስ ላይ ይወጣሉ። የሦስት ወርና የስድስት ወር ሥራዎቹ ግን የሚዞሩት ሰው በሰው ነው። አማካሪው ለሚያውቀው ልጅ ይደውላል፣ ልጁ ለጓደኛው ይደውላል፣ አለቀ። ይህ ያናድደኛል። አሶሳ ወይም ሰመራ የተመረቀች ጎበዝ ልጅ ስልኩ የማይደርሳት ስላልቻለች አይደለም። ሥራው የተወራበት ሻይ ቤት ስላልነበረች ነው። ስዊድን አንድ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ተማሪ ሊቀበል ሲያስብ ይፋ ማውጣት እንዳለበት በመንግሥት ደንብ ውስጥ ተጽፏል። እኛ ዘንድ የመንግሥትም ሆነ የለጋሽ ገንዘብ ያለበት የምርምር ሥራ፣ የሁለት ወርም ቢሆን፣ የዩኒቨርሲቲው ገጽ ላይ ይውጣ ቢባል ወጪው ምንድን ነው? የቴሌግራም ቻናል በነፃ ነው።

ይህ ክፍተት ነው ደላሎቹን ያበለጸጋቸው። «ፕሮፌሰር እናገናኛለን»፣ «ፈንድ ያለበት ቅበላ እናመጣለን» እያሉ ገንዘብ ይቀበላሉ። የሚሞሉልህ ፎርም አንተ በነፃ የምትሞላው ነው። የሚልኩትም ኢሜል ያው «ሕልሜ ነው» የሚለው ነው፣ በመቶ ሰው ስም። ሊቀጥርህ ገንዘብ የሚጠይቅ ዩኒቨርሲቲ ካጋጠመህ ቀጣሪ አይደለም።

ለመምህራን ደግሞ ሌላ ሰንሰለት አለ። በጥናት ፈቃድ ሲወጡ ውል ይፈርማሉ፣ ዋስ ይጠራሉ። ተመልሰው ካላገለገሉ ዕዳው ዋሱ ላይ ይወድቃል። የውጭው ዩኒቨርሲቲ ደመወዝ ከፋይ ከሆነ ሥራ ለቆ መሄድ ይሻላል ወይስ በፈቃድ? መልሱ የሚገኘው የፈረምከው ውል ውስጥ ነው። ሳያነብ የፈረመ ብዙ ነው። መልቀቂያና ክሊራንስ ደግሞ ከቪዛው ሊረዝሙ ይችላሉ።

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ እንደገና ጻፈልኝ። ስኮላርሺፕ የምትለው ቃል በዚህኛው የለችም። የአንድ የጀርመን ዩኒቨርሲቲ ክፍት የሥራ ቦታ ነው የላከልኝ፤ የውሃ ሀብት ላይ፣ ሦስት ዓመት፣ በመንግሥት ሠራተኞች የደመወዝ እርከን 13 ላይ።

«ጋሼ፣ ይኼ 65 በመቶ የሚለው ምንድን ነው?»

ጀርመን ዶክትሬት የሚሠራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቀጠረው በሙሉ ደመወዝ አይደለም አልኩት። በግማሽ፣ በ65 ወይም በ75 በመቶ ነው። እንደ ሙያው ይለያያል፤ ኢንጂነሪንግ ከፍ ይላል፣ ታሪክና ቋንቋ ዝቅ ይላል። ለአንድ ሰው መኖሪያ ይበቃል።

«ሥራውስ 65 በመቶ ነው?»

«ሥራው መቶ ነው» አልኩት።

ትንሽ ቆይቶ ሲቪውን ላከልኝ። መጀመሪያው መስመር ላይ አሁንም «ታታሪ» ይላል።